ውደቅልኝ

አብዱልሰላም ሸሪፋን ያወቃት በሐር ክር ሰበብ ነው። ጣሊያን ደሴን ከያዘ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ኮምቦልቻ አየር ማረፊያው አጠገብ ለአገሬው ወጣት ኤሌክትሪክ የሚያስተምሩበት አንድ የቆርቆሮ አዳራሽ ተከፍቶ ነበር፤ አብዱልሰላም የዚያ ተማሪ ነው። ጣሊያናዊው መምህር ወሬ አይወድም። በሰሌዳ ላይ ጥቂት ይሥልና ቀኑን ሙሉ እጃቸውን ያሠራቸዋል፤ የተቃጠለ ሞተር ይፈታሉ፣ ሽቦውን እንደገና ይጠመጥማሉ፣ ገጥመው ያስነሡታል። አንድ ቀን ሽቦ የሚሸፈንበት ክር አለቀና አብዱልሰላም ደሴ ተላከ።

ፒያሳ ከሚገኘው የሐጂ አብዱልሐሚድ ጨርቅ ቤት ሲገባ አባት ለሰላት ወጥተው ሱቁን የያዘችው ልጃቸው ሸሪፋ ነበረች። ክሩን እየለካች፣

«ለምን ዓይነት ቀሚስ ነው?» አለችው።

«ለሞተር ነው።»

«ሞተርም ሐር ይለብሳል?»

«ሽቦው ነው የሚለብሰው። ራቁቱን ሆኖ የሞተሩን ገላ ከነካ፣ ያን ብረት የያዘ ሰው አይተርፍም።»

ሸሪፋ ሳቋን ልትውጥ ሞከረች፤ አልቻለችም። እሱ ደግሞ ያንን ሳቅ ሲያይ የመጣበትን ረስቶ ክሩን ባንኮኒው ላይ ትቶ ወጣ። ሰኞ ገበያ ሰፈር ሲደርስ ትዝ ብሎት ተመለሰ። ሆን ብሎ አለመሆኑን ስንት ጊዜ ቢምልላትም አላመነችውም።

ከዚያ ወዲያ የአዳራሹ ክር ቶሎ ቶሎ ያልቅ ጀመር። አብዱልሰላም በሥራው ግን ቀልድ አያውቅም። እጁ የተባረከ ነው ይሉታል፤ ሌላው ተማሪ ሦስቴ አፍርሶ የሚገጥመውን እሱ አንዴ ይገጥመዋል፣ የገጠመውም አይመለስም። ሸሪፋ ይህን ስትሰማ ትኮራ ነበር። ያ እጅ አንድ ቀን እንደሚያስለቅሳት ማን ነግሯት።

ሽማግሌ ሲልክ ሐጂ አብዱልሐሚድ አልከፉበትም። ልጁን ወደውታል፤ ቤታቸው ውስጥ ግን አንድ ቁስል ነበር። የታላቋን ልጃቸውን የዐሊማን ባል ጣሊያን ለሥራ ብሎ ወስዶት ደብዛው ጠፍቷል። ባለትዳር እንዳይሏት ባል የለም፣ መበለት እንዳይሏት መርዶ አልመጣም፤ ዐሊማ ደጅ ደጁን እያየች ትውላለች። ስለዚህ ሐጂ ቃላቸውን ቁርጥ አድርገው ተናገሩ። ልጁ ደሴ የሚቀር ከሆነ ከረመዳን በፊት ኒካሕ ይታሰራል፤ ጣሊያን ከወሰደው ግን ሸሪፋን ለሚጠይቃት ለባቲው ዘመዳቸው ይድሯታል። ሁለተኛ ልጅ ደጅ ስታይ ማየት አይችሉም።

ብዙም ሳይቆይ አዳራሹ ውስጥ ወሬው ተነገረ። ፈተናውን ያለፈ አሥመራ ይላካል፤ የወደቀ ወደ ቤቱ ይባረራል። መጥፋት እንዳይታሰብ የአብዱልሰላም ዋስ አጎቱ ናቸው፤ እሱ ቢጠፋ የሚታሰሩት እሳቸው ናቸው። አብዱልሰላም ይህን ይዞ ወደ ሸሪፋ መጣ። እሷም ሰማችው፣ ነጠላዋን ጠቀለለች፣ ፈታች።

«አብዱልሰላም» አለችው በመጨረሻ፣ «ውደቅልኝ።»

መጀመሪያ ሳቀ። ዓይኗን ሲያይ ሳቁን ተወ።

«እጄ እምቢ ቢለኝስ?»

«እጅህ የማን ነው?»

«ያንቺ ነው። ወላሂ እወድቃለሁ።»

የመምህሩ አፈታተን የታወቀ ነው። ተማሪው ሞተሩን ገጥሞ ሲጨርስ መምህሩ በሽቦ የተንጠለጠለች ትንሽ አምፖል የሞተሩ ገላ ላይ ያስነካል። አምፖሏ ከበራች ገላው ኤሌክትሪክ ይዟልና ተማሪው ወደቀ ማለት ነው። ካልበራች ተከታዩ ተማሪ ባዶ እጁን የሚሽከረከረው ሞተር ላይ ያሳርፋል። የጓደኛን ሥራ በገዛ እጅ ማመን የፈተናው ማኅተም ነበር።

አብዱልሰላም አንዱን ሽቦ ልብሱን ገፎ ከክዳኑ ሥር ከብረቱ ጋር አስነካው። ጣቱ በልማድ ሊያቃናው እየሄደ አስቸገረው፤ እንደ ባለጌ ልጅ ይቆጣው ጀመር። ክዳኑን ገጠመና ራቅ ብሎ ቆመ። አምፖሏ ትበራለች፣ ይሰደባል፣ ወደ ደሴ ይሄዳል። ልቡ ቀለል አለው።

መምህሩ አምፖሏን ይዞ መጣ። የማን ሞተር እንደሆነ ሲያይ ግን ፈገግ ብሎ አምፖሏን ኪሱ ከተታት። አስተርጓሚው የአብዱልሰላም ሥራ መፈተሽ አያሻውም ብሎ ለሁሉም ተናገረ። ማብሪያው ተጫነ፤ ሞተሩ አጓራ። ተከታዩ የኩታበሩ የቄስ ልጅ በላቸው ነበር፤ ከአብዱልሰላም ጋር በአንድ ሰሌን የሚተኛ። በባዶ እግሩ እርጥቡ ወለል ላይ ቆሞ፣ ለጓደኛው እየሳቀ እጁን ዘረጋ።

አብዱልሰላም ጮኸ፤ የሞተሩ ድምፅ ዋጠው። የበላቸው እጅ ብረቱን ሳይነካ ዘሎ ማጥፊያውን አወረደው።

ክዳኑ ሲከፈት ራቁቱን ሽቦ ሁሉም አየው። አብዱልሰላም ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጣሉኝ ብሎ ለመነ። ሆን ብዬ ነው እንዳይል በዚያ ዘመን የጣሊያንን ዕቃ ሆን ብሎ ያበላሸ አንገቱ ገመድ ውስጥ ይገባል። መምህሩ ግን ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ይህ ልጅ የሽቦውን ጥፋት በጆሮው ሰማ፣ አሥመራ የምትፈልገው እንዲህ ያለውን ነው አለና አንደኛ አድርጎ አሳለፈው። በላቸውም አለፈ፤ ነፍሴን አተረፍክ እያለ የጓደኛውን ትከሻ ይስማል። አብዱልሰላም የሚገባበት ጠፋው።

ለስንብት ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ተሰጣቸው። ሸሪፋ ፊቱን አይታ ነገሩን ዐወቀችው።

«ወላሂ ብለህኝ ነበር» አለችው።

«አበላሽቼው ነበር። በአምፖል ሳይሞክሩት ጓደኛዬን በላቸውን ንካ አሉት፤ ሊነካው ሲል አጠፋሁት።»

ጨርቁን መጠቅለሏን ተወች።

«ብትተወው ኖሮ እዚህ ትቀር ነበር።»

«አዎ።»

«እኔ ግን አላገባህም ነበር።»

ዐሊማ ጥግ ላይ ሆና ሰምታ አለቀሰች። ሐጂ ከሰላት ተመልሰው ሁለቱን አዩና ዱዓ አደረጉለት። ቃላቸውን ግን አላጠፉም፤ እሱም አልጠየቃቸውም።

በማግስቱ ጭነት መኪናው ከኮምቦልቻ ወጥቶ ደሴ መሀል ፒያሳን አቋርጦ አለፈ። ማቆም አልተፈቀደም። ሸሪፋ ከሱቁ ደጃፍ ቆማ ነበር፤ እጇን አላነሣችም፣ ዓይኗን ግን መኪናው እስኪታጠፍ አልነቀለችም። በላቸው ዞር ብሎ አያትና ጓደኛውን በክርኑ ጎሰም አደረገው።

«ታውቃታለህ እንዴ? ማናት?»

አብዱልሰላም የሚላትን ስም ፈለገ። ሚስቴ እንዳይል አላገባትም፣ እጮኛዬ እንዳይል ከትናንት ጀምሮ አይደለችም።

«የሐጂ አብዱልሐሚድ ልጅ ናት» አለው።