የጋምቢያ ጥናት በሁለት ስም

«ዓለምዬስ?» አሉ መምህር ፀጋው፣ ወረቀቱን ከፊታቸው አስቀምጠው። «ሽፋኑ ላይ ሁለት ስም ነው የማየው።»

ስጦታ በእጇ የሳለችውን ካርታ ይዛ ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ቆማለች።

«አሟታል፣ ቲቸር።»

ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ ብላ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ ስንቅ ልታመጣ ሄደች ብላለች።

«ረዘመባት» አሉ መምህሩ፤ ስም መጥሪያው ላይ አንድ ነገር ጻፉ። «በይ ጀምሪ።»

የዘጠነኛ ክፍል ጂኦግራፊ መምህሩ ለየሁለት ተማሪ አንድ የምዕራብ አፍሪካ ሀገር በዕጣ አድለው ነበር። የሕዝቡን ብዛት፣ ኢኮኖሚውንና ማኅበራዊ ኑሮውን አጥንቶ ማቅረብ ነው። ለሁለቱ ዕጣ ያወጣችው ዓለምዬ ናት። ወረቀቱን ገልጣ «ጋምቢያ! ትንሿ ደረሰችን፤ በአንድ ቀን እንጨርሳታለን» ብላ ስትስቅ ስጦታ ታስታውሳለች። በሳምንቱ ዓለምዬ አልነበረችም።

«ጋምቢያ ወንዝ ተከትላ የተዘረጋች ቀጭን ሀገር ናት» አለች ስጦታ። ድምፅዋ ለራሷም ራቀባት። «በሦስት በኩል ሴኔጋል ከባታለች፤ በአራተኛው ባሕር ነው። ሕዝቧ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ነው።»

«ከሰሜን ጎንደር ታንሳለች በይን!» አለ ክንዴ ከኋላ ወንበር።

ክፍሉ ሳቀ። «ንጽጽሩ ትክክል ነው» አሉ መምህሩ። «ግን እጅህን አውጣ።»

ስጦታ ቀጠለች። ገበሬው ኦቾሎኒ እንደሚዘራ፣ ሴቶቹ ረግረጉ ላይ ሩዝ እንደሚተክሉ፣ ቱሪስት ለባሕሩ ዳርቻ እንደሚመጣ ተናገረች። ቤተሰብ ከአንድ ትልቅ ሳሕን ዙሪያ ተሰብስቦ እንደሚበላ፣ አንዳንድ ጎሳዎች ደግሞ በዘልማድ እንደሚቀላለዱና የተቀለደበት ሰው እንደማይቆጣ ነገረቻቸው።

«እኔ እዚያ ነበር መወለድ የነበረብኝ» አለ ክንዴ።

«እኛም በደስታ በሸኘንህ ነበር» አለች አንዲት ልጅ። መምህሩ እንኳ ፈገግ አሉ።

ስጦታ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። ይህን ክፍል የጻፈችው ከኢንተርኔት ቤት ነው። «ብዙ ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ይወጣሉ። በረሃውን አቋርጠው፣ ከዚያ በጀልባ። መንገዱን የጓሮ መንገድ ይሉታል። ብዙዎቹ ለቤተሰብ ሳይናገሩ ነው የሚሄዱት።»

ክንዴ አሁን እጁን አወጣ። ሊቀልድ አልነበረም። «ሳይናገሩ ከሄዱ ቤተሰብ እንዴት ያውቃል?»

መልሱ ወረቀቱ ላይ የለም። ስጦታ ገጹን አገላብጣ አየችው። «አንድ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም» አለች። «ጓደኛ ምናምን።»

«ታዲያ እሱ ለምን አይናገርም?»

ስጦታ ካርታውን ጠቀለለች። መምህር ፀጋው ሰዓታቸውን አይተው «በቂ ነው፣ ጥሩ ሠርተሻል» አሉ። ስትወጣ ግን በሩ ላይ አቆሟት። «የዓለምዬን ነጥብ ይዤዋለሁ። ሰኞ ከወላጇ ጋር ትምጣ።»

*

ስጦታና ዓለምዬ የተከራዩት ክፍል ከደባርቅ መናኸሪያ ጀርባ ነው። ግድግዳው ነፋስ እንዳያስገባ በአሮጌ ጋዜጣ ተለጥፏል፤ መደቡ ለሁለት የሚሆን ነው። ዓለምዬ የሄደች ሰሞን ስጦታ ሳይታወቃት የሁለት ሰው ሽሮ ትሠራ ነበር። አሁን ያንን ትታለች፤ መደቡ ላይ ግን እስካሁን ወደ ግድግዳው ተጠግታ ነው የምትተኛው። ስታጠና ጮክ ብላ ታነባለች። ሲደክማት ታቆማለች፣ ያኔ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የጋዜጣው መንኮሻኮሽ ብቻ ነው።

ዓለምዬ አንድ ጊዜ ብቻ በአከራያቸው ስልክ ደውላ ነበር። «መተማ ነኝ። ከልጆች ጋር ነኝ፣ አታስቢ። ካርቱም ስገባ እደውላለሁ። አባባ እንዳይሰማ፤ ሥራ ስይዝ ራሴ እነግረዋለሁ። ማይልኝ።»

«መቼ ትደውያለሽ?»

«ማይልኝ በቃ!»

ስጦታ ማለች። ከዚያ ወዲህ አራት ሳምንት ሆነ፤ ስልክ የለም።

በየቅዳሜው የዓለምዬ አባት ጋሽ ያርጋል ከመንደራቸው ከድብ ባሕር ለገበያ ሲመጡ የሁለቱንም ልጆች ስንቅ ይዘው ይመጣሉ። ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮ። የስጦታ እናት መምጣት ስለማትችል የእሷንም አደራ የሚያደርሱት እርሳቸው ናቸው። «ዓለምዬስ?» ሲሉ ስጦታ «ጥናት ላይ ናት» ትላለች። እርሳቸውም ደስ ይላቸዋል። የዓለምዬን ድርሻ ለአከራይዋ ዶሮዎች ስትበትን ማንም እንዳያያት ዞር ብላ ታያለች።

እውነቱን ብትናገር የሚሆነውን ታውቃለች። ወሬው ከገበያው ቀድሞ ድብ ባሕር ይገባል። የስጦታ አባት «ከተማ ሴት ልጅ ያባልጋል» ማለት የጀመረው እሷ ገና ስምንተኛ ክፍል ሳለች ነው። እስካሁን ያስቻለው አንድ ነገር ነው፤ ሁለት መሆናቸው። ብቻዋን መሆኗን የሰማ ቀን ጓዟን ያስጠቀልላታል። ትምህርቷም እዚያው ያበቃል። ስለዚህ «ምለሻል» የሚለው ለራሷ የምትነግረው ምክንያት ብቻ እንደሆነ ታውቃለች።

*

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ጋሽ ያርጋል ከበር ሆነው ተጣሩ። እንደ ሌላው ጊዜ ስንቁን አድርሰው አልሄዱም። በብብታቸው የተጠቀለለ ነጭ ሸማ ይዘዋል።

«እንደምን ሰነበትሽ፣ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋሼ። እርስዎ ደህና ነዎት?»

«ተመስገን። ያቺ ልጅ ዛሬም ጥናት?»

«ዛሬም።»

«አይ የኔ ልጅ! ዓይኗን ታጠፋዋለች።» ሸማውን ዳበስ አደረጉት። «እናቷ ለጥምቀት ፈትላ ያሠራችላት ነው። ዛሬ ለልብስ ሰፊው ካልሰጠሁ አይደርስም። ቁመታችሁ አንድ ነው፤ አንቺ ተለኪላት።»

ስጦታ በሩን ቆለፈች። ተከተለቻቸው። መንገዱ በሰውና በበግ ተሞልቶ ነበር፤ ጋሽ ያርጋል ከፊት ከፊት እየሄዱ ለሚያውቁት ሁሉ «የዓለምዬ ጓደኛ ናት፣ ተማሪ ናት» ይላሉ።

ልብስ ሰፊው ዋሴ የስፌት መኪናውን ሱቁ በረንዳ ላይ አውጥቶ ይሰፋል። ሸማውን ዘርግቶ ወደ ብርሃን ያዘው። «ፈትል እንዲህ ነው እንጂ! የማን እጅ ነው?»

«የእናቷ። ከመስከረም ጀምራ ነው የፈተለችው።»

«እሺ እመቤት፣ ቀጥ በይ። እጅሽን ዘርጊ።»

ስጦታ እጇን ዘረጋች። ዋሴ ሜትሩን ከትከሻዋ ላይ አሳርፎ ወደ ታች ለቀቀው።

«ወገቡ ላይ ትንሽ ጠበብ አድርገው» አሉ ጋሽ ያርጋል። «ልጄ ከዚህች ቀጠን ትላለች። ወይስ ደባርቅ አወፍሯታል?» ወደ ስጦታ ዞረው ሳቁ፤ መልስ ይጠብቃሉ። «ንገሪው እንጂ። አብረሻት ያለሽው አንቺ ነሽ። ወፍራለች ወይስ ከስታለች?»

ስጦታ ልትገምት ሞከረች። የዓለምዬን ፊት አሰበችው፤ የመጣላት ግን ከአንድ ወር በፊት ያየችው ነው። አሁን ትወፍር ትክሳ፣ በየት ሀገር እንዳለች፣ በልታ ይሁን ሳትበላ፣ አታውቅም። ዋሴ እርሳሱን ከጆሮው ነቅሎ ጠበቀ።

እጇን አወረደች።

«አይለኩኝ» አለች ለልብስ ሰፊው። ሜትሩን ከትከሻዋ አንሥታ ሰጠችው።

«ምነው፣ ልጄ?»

«ጋሼ፣ ዓለምዬ ጥናት ላይ አይደለችም።»

የጋሽ ያርጋል ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም፤ ያልሰማ ሰው ላይ እንደሚቆይ ለጥቂት ጊዜ ፊታቸው ላይ ቆየ። ስጦታ ሸማውን ከዋሴ ጠረጴዛ ላይ አነሣች፣ አራት ቦታ አጠፈችው፣ ጨርቁ መሬት እንዳይነካ በሁለት እጇ አቀፈችው።

«ወደ ጥላው እንሂድና ይቀመጡ» አለች። «ሁሉንም ከመጀመሪያው እነግርዎታለሁ።»