የአስረስ መንጋጋ

አስረስ የሞተው ማክሰኞ ጠዋት፣ ሚስቱ ተሾመች ያቀረበችለት አጥሚት በጉሮሮው አልወርድ ብሎ ነው። የሰው አፍ መቼ ይያዛል! ገና ሬሳው ሳይገነዝ ሚዛን ተፈሪ ከተማ «መርዛው ነው» ብላ ፈረደች። እናቱ ወይዘሮ ማናልሞሽም ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ምራታቸውን ከሰሱ። ያላቸው ልጅ እሱ ብቻ ነበር፤ ማን ይፈርድባቸዋል?

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ሰርካዲስ ቶሎ የምታምን ሴት አይደለችም። መጀመሪያ ሬሳውን አየች። ከአገጩ ሥር እስከ አንገቱ አብጧል። አንዱ የመንጋጋ ጥርሱ ላይ የነበረው ሙሌት ተሰንጥቆ ግማሹ የለም፤ በጉድጓዱ ውስጥ የቡና ገለፈት ተወትፏል።

ከዚያ የሟቹን የቡና ንግድ ሸሪክ ሚካኤልን ጠየቀችው። ከአስረስ ጋር ተጣልተው ስለነበር እሱም ተጠርጥሯል። ጠባቸው ቡናው ደርቋል አልደረቀም በሚል እንደነበር አልደበቀም።

«አስረስ መድረቁን የሚያውቀው ነክሶ ነው» አላት። «ቀኑን ሙሉ ጀንፈል፣ ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና፣ በጥርሱ ሲከካ ነው የሚውለው። ፊቱ ካበጠ እኮ ሰንብቷል፤ ከቅዳሜ ጀምሮ እህል አልቀመሰም።»

የጥርስ ሐኪሟ ረቢያ ሙሌቱን ራሷ እንደሠራችው ነገረቻት።

«ጊዜያዊ ነበር፤ ሥሩን እስካክመው ለጥቂት ሳምንት ብቻ። ዋናው ሙሌት ቢሆን፣ ከተጠነቀቁለት አሥር ዓመትም ይቆያል። መንጋጋ ላይ ያለ ግን ብዙ ስለሚያኝክ ቶሎ ይጎዳል፤ ጠንካራ ነገር ከተነከሰበትማ አለቀ። አስረስ ግን ሥሩን ሳይታከም በዚያው ቀረ።»

«ለምን?»

«ሕመሙ ሲተወው የዳነ መስሎት ይሆናል። ሥሩ ሲሞት ሕመሙም ይጠፋል፤ መግሉ ግን ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል።»

ከቀብር በኋላ ሰርካዲስ ሁሉንም ለቅሶ ቤት ሰበሰበቻቸው። የሆስፒታሉ ምርመራ መርዝ እንዳላገኘ ተናገረች። እብጠቱ አጥሚቱን ቀድሞታል፤ አጥሚት የተሠራለትም መዋጥ ስላቃተው ነው። ጊዜያዊው ሙሌት በቡና ንክሻ ተሰነጠቀ፣ ቁስሉ መረቀዘ፣ እብጠቱ መተንፈሻውን ዘጋው።

«አንድ ነገር ቀረኝ» አለች። «ተሾመች፣ ሐኪሟ ጋ እንዳይመለስ ያደረገው ማነው?»

ተሾመች አቀረቀረች። «ሥራ በዝቶበት ነው።»

«ልትታሰሪ ነበር እኮ። ለማን ብለሽ ነው የምትደብቂው?»

መልሱ ከወይዘሮ ማናልሞሽ መጣ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ካልታመምክ ምን ያስሮጥሃል፣ መጀመሪያ ቡናው ይግባ አልኩት። እሷ ሂድ እያለች ስትለምነው፣ ልጄን ሥራ አታስፈቺው ብዬ ተቆጣኋት።» ወደ ምራታቸው ዞሩ። «እንዲያ ስከስሽ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ልጅዎን አጥተዋል፤ ይኼን እንዴት ልጨምርብዎ እማማ?»

ወይዘሮ ማናልሞሽ ሁለት እጃቸውን ለሰርካዲስ ዘረጉ። «በይ እኔን እሰሪኝ» አሉ። ሰርካዲስ ብዙ ነፍሰ ገዳይ አስራለች፤ አሁን ግን መዝገቧን አጠፈች። ተሾመች ተነሥታ የተዘረጉትን እጆች ያዘችና አጠገባቸው ተቀመጠች። አስረስ ከሞተ ጀምሮ ሁለቱ አብረው ሲያለቅሱ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበር።