መዲናን ያላዩት እትዬ መዲና

«ምነው ዝም አልሽ? ንባቡ ጠፋሽ?» አሉ እትዬ መዲና።

ሐዲጃ የጃንሆይ ቴምብር የተለጠፈበትን ደብዳቤ እንደያዘች አቀርቅራ ቀረች። የእትዬ መዲና የወንድም ልጅ ሸሪፍ ከአስመራ የላከው ነው። ረጅሙን ሰላምታ እንደ ውሃ አንበልብላዋለች። ከሱ በታች ያለውን ግን በዓይኗ ብቻ አነበበችው። ለሐጅ ቦታ ተገኝቷል፤ ቤቱን ዘግተው በአስር ቀን ውስጥ አስመራ ይድረሱ ይላል።

ቤቱ ከተዘጋ እሷ የት ልትገባ ነው? ወደ አይከል፣ አባቷ ዘንድ ነዋ። ያን ጊዜ የሰኔው የስምንተኛ ክፍል ፈተና ቀረ ማለት ነው። አባቷ «ፊደል ይበቃታል» ብሎ የሚድርለትን ሰው ካጨ ቆይቷል።

እትዬ መዲና ፊደል አይለዩም። ግን በአዲስ ዓለም ሰፈር እሳቸው ደብተር ያልገዙለት የድሀ ልጅ፣ ከፈን ያልቆረጡለት የድሀ ሬሳ የለም። ሐዲጃንም ከአይከል አምጥተው ቤታቸው አስቀምጠው ያስተምራሉ። አባታቸው ሐጅ ሄደው መዲና ከተማ ሞተው ቀሩ። እሳቸው ያኔ በእናታቸው ሆድ ነበሩና ሲወለዱ የከተማዋ ስም ወጣላቸው። «አባቴን የበላች አገር ስሟን ተሸክሜ አረጀሁ፤ አፈሯን ግን አልረገጥኩም» ይላሉ ሁልጊዜ።

«ዘንድሮ ቦታው ሞልቷል ነው የሚለው፣ እትዬ» አለች ሐዲጃ። ድምጿ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት።

 እትዬ መዲና ሳቅ ብለው፣ ሳቁም ሳያምርባቸው፣ የሠሩትን ጅልነት ነገሯት። ሐጅ የሚሄድ ሰው ሳይነሳ በፊት ያስቀየመውን ሁሉ ይቅርታ ይጠይቃል። እሳቸውም በጉጉት ብዛት ከወዲሁ ጎረቤቱን እየዞሩ «አፉ በሉኝ» ማለት ጀምረው ኖሯል። ሰባት ዓመት ያኮረፈቻቸው ጎረቤታቸው ጦይባ ሳትቀር ትናንት አፉ ብላቸዋለች።

«አንቺ ብቻ ነበርሽ የቀረሽኝ» አሉ። «መሄዱም ባይሆን ጀምሬዋለሁና ልጨርሰው። ተቆጥቼሽ እንደሆነ፣ በሥራ አድክሜሽ እንደሆነ፣ አፉ በይኝ ልጄ።»

ሐዲጃ ደብዳቤውን ማጠፍ ጀመረች።  አፉ ሳትላቸው ስትቀር የአሮጊቷ ፊት ጠቆረ፤ ሳያውቁ የበደሏት ነገር እንዳለ ጠየቋት። «የለም» ብላ ራሷን ነቀነቀች። ይኸኔ ነጠላቸውን አጣፍተው ሊነሱ ተመቻቹ።

«ይቀመጡ እትዬ» አለች ሐዲጃ፣ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ እየዘረጋች። «ከሰላምታው በታች ያለውን እንደገና ላንብብልዎ።»