ሁለቱንም ክኒን የሰጠ እጅ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ውሸት ከሆነ ምላሴ እንደ አሮጌ ጫማ ሶል ይገንጠል! ዓሣ ዛፍ ላይ ወጥቶ ሲያፏጭ አየሁ ያልኳችሁን እርሱት፤ ያኔ ስቀልድ ነበር። የዛሬውን ግን የሰማ ሁሉ አልቅሷል፤ ሽንኩርት ሲልጡ እንኳ እንባ የማይወጣቸው ሰዎች ሳይቀሩ አልቅሰዋል።

ከዳቦ ቤቱና ከጫማ ጠጋኙ መሐል አንዲት ጠባብ መድኃኒት ቤት ነበረች። ባለቤቷን የሰፈሩ ሰው "ልድገመው" ይለዋል። ክኒን ቆጥሮ ሲጨርስ "ልድገመው" ብሎ እንደገና ይቆጥራላ! አወሳሰዱን ነግሮ ሲጨርስም "ልድገመው" ብሎ እንደገና ይነግራል። አንዴ አንድ ሽማግሌ ከመድኃኒታቸው አንድ ፍሬ ጎድሎባቸው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ልድገመው አንድ እግሩ ላይ ጫማ፣ ሌላው ላይ ካልሲ እንዳደረገ ያቺን አንዲት ፍሬ ይዞ አውቶቡሱን ተከተለ። ሹፌሩ እብድ የሚያባርረው መስሎት ፍጥነት ጨመረ፤ ልድገመውም ጨመረ። በመጨረሻ የደከመው አውቶቡሱ ነው። ከመስኮቱ አጠገብ ያለው ኮምፒውተር ደግሞ የእያንዳንዱን ደንበኛ መድኃኒት በስሙ መዝግቦ ይይዛል፤ የማይስማሙ ሁለት መድኃኒቶች በአንድ ሰው ስም ከገቡ ቀይ አብርቶ ይጮሃል። ጠንቃቃ ሰውና ጠንቃቃ ማሽን... ታዲያ መዓት በየት በኩል ይገባል?

ልድገመው አንድ የሚኮራበት ሕግ ነበረው። መስኮት ላይ የታየ መስኮት ላይ ይቀራል። ማን ምን እንደታመመ ለጓደኛ አይነግርም፣ ለሚስቱ አይነግርም፣ ለራሱም ደግሞ አያወራም። ለዚህም ሰው ያከብረው ነበር። ወይ ነዶ! ሰው በሚኮራበት ነገር ነው ለካ የሚወድቀው!

ሚስቱ የተማሪ ቤት ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ሳሎኑ ጥግ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ ታጉረመርማለች። አንድ ልጅ ወልደው ነበር፤ በሦስት ወሩ ሳንባው ታሞ እጃቸው ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሴትየዋ ሁለት ሰው ሆነች። አንዳንድ ሳምንት እንቅልፍ የሚባል ሳይጎበኛት ሠላሳ ሱሪ ትሰፋለች፣ ብቻዋን ትስቃለች፣ ሳሎኑን ሦስቴ ቀለም ልቀባው ትላለች። ሌላውን ሳምንት ደግሞ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች፤ ውሃ እንኳ የምትጠጣው ባሏ ለምኗት ነው። ባሏ ሐዘን ነው ብሎ ተሸከማት። እሷ ግን ሐዘን ብቻ አለመሆኑን ታውቅ ነበር፤ እናቷም እንዲሁ ነበሩና። እናቷን ሰፈርተኛው "ያቺ እብድ" እያለ ነው የሸኛቸው። ያን ስም እሷ ትውረሰው? የእናት ውርስ ቢሆንስ እንኳ ማን ይፈልገዋል?

መላውን ያመጣችው ታናሽ እህቷ ናት፤ ስልክ ቤት የምትሠራ፣ ለሁሉ ነገር መላ የማይጠፋት ልጅ። በስልክ ስክሪን የሚያክም የአእምሮ ሐኪም እንዳለ፣ ወረፋ የሌለው፣ ኮሪደር ላይ የሚያፈጥ ሰው የሌለበት መሆኑን ነገረቻት። ታላቅየዋ ፊቷ ሊበራ ሲል ጠፋ። ሐኪሙ የሚጽፈው መድኃኒት የሚላከው ለሰፈሩ መድኃኒት ቤት ነው። የሰፈሩ መድኃኒት ቤት ደግሞ የማን ነው? የባሏ! የቅርብ ጠበል ልጥ ይራስበታል የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው፤ መድኃኒት አዋቂ እቤቷ ተቀምጦ እሷ የምትሸሸገው ከእሱ ሆነ።

"እንግዲያው በኔ ስም ይሁን፣ እታለም" አለች ታናሽየዋ። "በመልክ እንደሆነ እናታችን እንኳ ታቀያይረን ነበር።"

የታናሽየዋ መታወቂያ ተላከ፣ የታላቅየዋ ፊት ስክሪኑ ላይ ቀረበ። ሐኪሙ አይታማም፤ ረጋ ብሎ ጠየቀ፣ እንቅልፏን ጠየቀ፣ እናቷን ጠየቀ፣ የደም ምርመራ አዘዘ። ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ ወይ ሲላት የለም አለች። ያን ዕለት እውነቷን ነበር። ሊቲየም የሚባል፣ ስሜትን የሚያረጋጋ መድኃኒት ጻፈላት፤ በጥንቃቄ የሚመዘን፣ ደም ውስጥ ከልኩ ካለፈ ግን መርዝ የሚሆን ነው። ሌላ መድኃኒት ከመጀመርሽ በፊት ንገሪኝ አላት። እሺ አለች።

ትእዛዙ ልድገመው ኮምፒውተር ላይ ሲደርስ የሚስቱን እህት ስም አየና ሆዱ ባባ። ይህች ሳቂታ ልጅ ለካ ውስጧ ታማለች? በመድኃኒት ቤት ደንብ መሠረት ሐኪሙ ጋ ደውሎ አረጋገጠ፤ ስሟ ላይ ሌላ መድኃኒት የለም፣ ኮምፒውተሩም አልጮኸም። መስኮቱ ላይ ስትመጣ ዓይኑን ሰበር አድርጎ አወሳሰዱን ነገራት፣ ደገመላት። ጨው በአንዴ እንዳትተዪ፣ ውሃ ጠጪ፣ ትውከትና መንቀጥቀጥ ካየሽ ሮጠሽ ነይ አላት። እሷም አንድ ሳታስቀር ለታላቋ አደረሰች። ቤት ሲገናኙ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሕግ ነዋ! ለሚስቱ ብቻ፣ እህትሽን ቶሎ ቶሎ ጥሪያት፣ ብቻዋን አትሁን ይላት ነበር። ሚስቱም ፊቷን ወደ ስፌቷ አድርጋ እሺ ትለው ነበር።

ደግሞም ዳነች! እንቅልፏ ተመለሰ፤ ሳቋ ከልክ አልፎ አይፈስም፣ ዝምታዋም አይቀብራትም። ከሱሪ ስፌት ስታርፍ ለባሏ ሸሚዝ ሰፋችለት፤ ኪሱን በስህተት በጀርባው በኩል አደረገችውና ሁለቱም ተሳስቀው ሆዳቸውን ያዙ። እነዚያ አምስት ሳምንታት... ምነው ሰዓቱን የሚያቆም ሰው በተገኘ!

በስድስተኛው ሳምንት ራሷን አሟት ጤና ጣቢያ ስትሄድ ደም ግፊት ተገኘባት። የጤና ጣቢያው ሐኪም በራሷ ስም ውሃና ጨው ከሰውነት የሚያስወጣ ክኒን ጻፈላት። ልድገመው ኮምፒውተሩ ላይ አስገባ፤ በእሷ ስም ሌላ ነገር አልነበረምና ማሽኑ ዝም አለ። ያ ክኒን ሊቲየሙን ደም ውስጥ እንደሚያጠራቅም እሱ በእንቅልፉ ቢጠየቅ ይመልሳል። ግን ማን ይጠይቀው? ማታውን እራት ላይ፣ ደንበኛውን ሁሉ የሚጠይቀውን ጥያቄ ለወጉ ጠየቃት።

"ሌላ የምትወስጂው ነገር አለ?"

"ካንተ ንዝንዝ ሌላ ምን እወስዳለሁ?"

ሳቀ። እሷም ሳቀች። ለስክሪኑ ሐኪም እነግረዋለሁ ብላ በልቧ አሰበች፤ ቀጠሮው ግን ገና ሁለት ሳምንት ይቀረው ነበር። ደግሞስ ይህች ትንሽ የግፊት ክኒን ምን ታመጣለች? ክኒኑን የሚሰጣት በዓለም ላይ የማይሳሳተው ሰው አይደለም?

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት አንድ ፍሬ ክኒን ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ጋር በእጁ ይሰጣት ጀመር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን መርፌዋ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታት። ዓይኔ ደከመ አለች፤ የደከመው ግን እጇ ነበር፣ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀጥሎ ሆዷ ተረበሸ፣ አስመለሳት። ሰፈሩ ውስጥ የሆድ ሕመም ገብቶ ነበርና ልድገመው ያ ነው አለ። ንግግሯ ሲጎተት ድካም ነው አለ። ለእህትየዋ መስኮቱ ላይ ሁለቴ የቆጠረላትን ምልክት አንድ በአንድ በሚስቱ ላይ እያየ አላወቀውም! እንዴት ይወቀው? ያ ምልክት የሌላ ሰው ነዋ። በአሥራ አራተኛው ቀን ጠዋትም ክኒኑን ሰጣት። እጇ ስላልያዘ ራሱ አፏ ውስጥ አደረገላት... በራሱ ጣት... ከዚያ ከስፌት መኪናዋ ሥር ተዘርራ አገኛት።

ሆስፒታል ሲያደርሳት ተረኛዋ ሐኪም ምን ትወስዳለች ብላ ጠየቀችው። የግፊት ክኒን ብቻ፣ በእጄ ነው የምሰጣት አለ፤ ደግሞም ነገራት። ይህን ሲል ታናሽየዋ ከበሩ ደርሳ ነበር። ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተች።

"ጋሼ... ያ መድኃኒት የኔ አይደለም።"

የትኛው አላላትም። በዚያች ቅጽበት ሁለቱ ስሞች አንድ ስም ሆኑ፤ ቀዩ መብራት በራሱ ጭንቅላት ውስጥ በራ። ሐኪሟ እየሮጠች ደም አስወሰደች፣ ደም የሚያጣራው ማሽን እንዲዘጋጅ አዘዘች። እሱ የገዛ እጁን ገልብጦ ያያል።

"ለምን ነው የደበቀችኝ?" አላት ቆይቶ።

"'ባሌ እንደሆነ ይቅርልኝ' አለች። 'ካወቀ መድኃኒት ሰጪዬ ይሆናል፤ በስስት የሚያየኝ ዓይን በሐኪም ዓይን ያየኛል' አለች።"

ማሽኑ ሦስት ቀን ደሟን አጠበ፤ ኩላሊቷና አንጎሏ ግን ተጎድተው ነበር። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ አልጋው ላይ ወርዳ ሳለ፣ ዓይኗን ገለጠች። ባሏን ፈለገችው። "ጥፋቱ ያንተ አይደለም፤ የደበቅኩህ እኔ ነኝ" አለችው። ከዚያ እህቷን እንዳይቀየማት ለመነችው። እሺ አላት። ትንሽ ቆይቶ የያዘው እጅ መንቀጥቀጡን ተወ። ደስ አለው፤ ተሻላት ብሎ። ማሽኖቹ ሲጮኹ ነው ያወቀው።

ከቀብሩ በኋላ ታናሽየዋን ማየት አቅቶት ከረመ። እሷ ግን በየቀኑ መጥታ በሩ ላይ ትቀመጥ ነበር፤ ባያናግራትም፣ ባያስገባትም። አንድ ቀን በሩን ከፍቶ፣ "ነይ ግቢ፤ ውጭው ይበርዳል" አላት። ተቃቅፈው አለቀሱ፤ እሱ እንደ ሕፃን፣ እሷ እንደ እናት። መድኃኒት ቤቷም ተከፍታለች። ከመስኮቱ ጀርባ መጋረጃ ያላት ትንሽ ክፍል ሠርቶ ሁለት ወንበር አስቀምጧል። መድኃኒት የሚወስድ ሁሉ እዚያ ይገባል፤ እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ይህን የሚውጠው ማነው ብሎ ይጠይቃል። የሚስት፣ የባል፣ የወንድም ስም ተውሰው የመጡ ስንቶቹ እዚያች ወንበር ላይ እውነታቸውን ተናግረው ተርፈዋል! ዕጣ ፈንታ ሁሉንም አስተምሮ የሚያስከፍለው ግን አንዱን ብቻ ነው። ለምን እሱን? ለምን እሷን? መልሱን የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ሁሉም እውነት ነው ብዬ ምያለሁ፤ አውቶቡሱ እንኳ እውነት ነው። አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ። በሦስተኛው ቀን ዓይኗን አልገለጠችም። ምንም አላለችም። ልድገመው ሦስቱንም ቀን አንድ ቃል ጠብቆ ነው የቀረው። እኔ ግን ይህን ታሪክ እሱ ባለበት ባወራሁ ቁጥር እዚያች ቦታ ስደርስ አንገቱን ደፍቶ ይሰማኛል፤ እስከ ዛሬ ውሸት ነው ብሎኝ አያውቅም።