እጅዎን ያንሱለት

«ጉልበቴ ተሽሎኛል በልልኝ» አሉ አሮጊቷ።

ጯሂው ድምፅ ማጉያውን አፉ ላይ ደገነ። ከድንበሩ ሽቦ ማዶ፣ ከደረቁ ወንዝ በላይ፣ ኮረብታው ላይ ልጃቸው ቆሟል።

«እናትህ ታመዋል! ወንዙ ድረስ ውረድ!»

አሮጊቷ ፈገግ አሉ። ጆሯቸው ውስጥ ካልነገሯቸው አይሰሙም። በግራ በቀኝ ያሉት ቤተሰቦችም የየራሳቸውን ይጮኻሉ፤ የሰው ወሬ የሚያዳምጥ የለም። ድንበሩ ከተዘጋ ወዲህ ድምፁ ማዶ የማይደርስለት ሁሉ አፉም ጆሮውም ጯሂው ነው። ቃል ጨምሮ አያውቅም።

እስከ ዛሬ።

ጩኸቱ ሽፋን ነው። ደሞዙን የሚቆርጥለት የስለላው ቢሮ ነው። የሚፈለገው ሰው የአሮጊቷ ልጅ ነው፤ የምስጢር ስሙ «ሸማኔ»። ሚስትን ከባሏ፣ ልጅን ከአባቱ ሊቀላቅል ሰው በሽቦ ሥር ያሾልካል። ወንጀሉ ይኸው ነው። ድንበሩን የዘጉት ጌቶች ግን አንዳቸውም እናታቸውን ማዶ አልተዉም።

አጠገቡ አቅርቦ ማሳያ መነጽር የሚያከራየው ሰውዬ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ተናገረ። አለቃው ነው። «አጎት» ይሉታል።

«አመነህ?»

«እንጃ።»

«ማዶ እስካለ አንነካውም። የኛ ልጆች ወንዙ ውስጥ አድፍጠዋል። አውርደው።»

«በሕይወት እንይዘዋለን ብለሃል። ከእናቱ አገናኘዋለሁ ብለሃል።»

«ታዲያ ምን አልኩ?»

ከማዶ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«እውነት እሷ ከሆነች የጠራችኝ፣ እጇን ታንሳ!»

ጯሂው ዝም ቢል ልጁን ለማዳን ይበቃ ነበር።

«ምን አለ? ምን አለኝ የኔ ጌታ?»

ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለ።

«ናፍቀሽኛል ነው የሚለው፣ እማማ። እጅዎን ያንሱለት።»

አነሱ። ሁለቱንም። እንደ ልጃገረድ እያውለበለቡ።

ልጅየው ቁልቁል ሮጠ።

ተኩስ።

ሽቦውን ይዞ የቆመው ሁሉ መሬት ላይ ተደፋ። አሮጊቷ ብቻ እጃቸውን እንዳነሱ ቀሩ።

«በሕይወት ብለህ ነበር!»

«ኧረ ባክህ» አለ አጎት፣ መነጽሮቹን እየሰበሰበ። «የታሰረ ሰው እንዴት እንዳጠመድነው ያወራል፤ የሞተ አያወራም። ጨርሰሃል። መኪናው ታች ነው።»

አሮጊቷ ዓይናቸውን አጠበቡ።

«ምነው ልጄ አሸዋው ላይ ተኛ? ቁልቁለቱ አደከመው እንዴ? አንተ፣ ጠይቅልኝ እንጂ! ምን ሆንኩ ይላል?»

እጅጌውን ጨብጠዋል። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አላቀቀ።

ማዶ ያሉት ዘመዶች ኮረብታውን ጥለው ይሸሻሉ። አይመለሱም። ከእንግዲህ በዚህ ሽቦ ላይ ማን ጠርቶ ማን ያምናል?

ጯሂው በተደፉት መሃል አለፈ። አንዲት ሴት ከመሬት ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ አሮጊቷን፣ ከዚያ ወንዙን። ገባት። ልትረግመው አፏን ከፈተች።

በምን ስም ትርገመው? ጯሂው ከማለት በቀር ስሙን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

መኪናው ውስጥ በሌላ ስም የወጣ አዲስ መታወቂያ ተሰጠው። ሳያነበው ኪሱ ከተተው።