ከላይ ክፍት የነበረው ግድግዳ

ሸዋረገድ ስልክ ሲጠራ «ሄሎ» ከማለቷ በፊት «ማን ሞተ?» የምትል ሴት ናት። ዝናብ ሲያካፋ ጎርፍ፣ ልጇ ስታስነጥስ የሳንባ ምች ይታያታል። ክፋት የለባትም። ክፉውን አስቀድመው ካሰቡት አይመጣም ብላ የምታምን ይመስላል። እንዲህ ያሉ እናቶች በየመንደራችን ሞልተዋል፤ ይህም የሚነገረው በእሷ ለመሳቅ ሳይሆን ከእሷ ለመማር ነው።

ነቀምቴ ከመጡ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ባለቤቷ ጫንያለው የመንገድ ቀያሽ ስለሆነ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከከተማው ርቆ አኖ በሚባል ቦታ ካለው የመንገድ ሥራ ካምፕ ያድራል፤ ቅዳሜ ወደ ቤቱ ይመጣል። እሷ ቢቸና አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ነበርና እዚህ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጥራለች። አንድ ልጃቸው ሐሴት ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ናት።

የሚኖሩት ባኬ ጃማ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ለሁለት በተከፈለ የጭቃ ቤት ግማሽ ላይ ነው። በሌላው ግማሽ ዱረቲና የባጃጅ ሾፌሩ ባሏ ጉሉማ ከስድስት ዓመት ልጃቸው ከኬኔ ጋር ይኖራሉ። ጠዋት ጠዋት ዱረቲ «አካም ቡልቴ፣ አዴ» ብላ እንደ እናት አክብራ በኦሮምኛ ሰላም ትላታለች፤ ሸዋረገድም «ፈያ፣ ደህና፤ እንዴት አደርሽ?» ትላታለች። ጨውና ክብሪት ይዋዋሳሉ። ከዚያ ያለፈ ወሬ ግን አልነበራቸውም።

ነገሩ የጀመረው ጥር ላይ ነው። ማታ አንድ ሰዓት ገደማ ሐሴት ደብተሯን ዘርግታ፣ እናቷም ከአጠገቧ ተቀምጣ «እስኪ አሳዪኝ» ማለት ስትጀምር፣ ከወዲያኛው ቤት መዝሙር ይለቀቃል። በስፒከር ነው፤ የኦሮምኛ መዝሙር፣ ድምፁ ሙሉ። አንዳንዴ ሩብ ሰዓት፣ አንዳንዴ አንድ ሰዓት ሙሉ ይቆይና ድንገት ይቀንሳል። ቅዳሜና እሑድ አይከፈትም። ይህንንም ሸዋረገድ «ወንድ ሲኖር ይፈራሉ» ብላ ተረጎመችው።

«ሂጂና ንገሪያት እንጂ» አላት ጫንያለው በስልክ።

«ምን ብዬ? ‹መዝሙር ቀንሱ› ልበል? ‹ሃይማኖታችንን ጠላች› ቢሉኝስ? ‹ከጎጃም መጥታ በቋንቋችን እንዳንዘምር ከለከለችን› ቢሉኝስ? ነገ ቀበሌ፣ ከነገ ወዲያ ፖሊስ…»

«አንቺ ሴት፣ በሩን እንኳ ሳታንኳኪ እስር ቤት ገባሽ።»

«አንተ ምን አለብህ፤ አኖ ሆነህ እንቅልፍህን ትለጥጣለህ።»

መዝገብ ቤት አብራት የምትሠራው ጸሐይወርቅ ምክሯ ሌላ ነበር። «ሆን ብላ ነው» አለቻት ፋይል እየደረደረች። «ልጅሽ ልታጠና ስትቀመጥ ጠብቃ አይደል የምትከፍተው? ቅናት ነው፣ የኔ እህት። አፍ እንዳትካፈቺ። ወይ ግድግዳሽን ድፈኚ፣ ወይ ልቀቂላት።»

የፈሩትን የሚያረጋግጥ ሰው ሲገኝ ልብ ቶሎ ያምናል። ሸዋረገድ አመነቻት።

ድፈናው ተጀመረ። ከየሱቁ ባዶ የእንቁላል ካርቶን ለምና፣ የሚያዋስናቸውን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር በምስማር ለበጠችው። ካርቶኑ ሲያልቅ ብርድ ልብስ ሰቀለች። ብርድ ልብሱ አልበቃ ሲል የእንግዳ ፍራሽ አቆመች።

«እማዬ፣ እንቁላል እንድጥል ነው እንዴ የምትፈልጊው?» አለች ሐሴት።

«ዝም ብለሽ አጥኚ።»

መዝሙሩ ግን ካርቶኑንም ፍራሹንም ከቁም ነገር ሳይቆጥር ይመጣል።

መጋቢት ላይ የሙከራ ፈተና ውጤት ተሰጠ። በመጀመሪያው መንፈቅ ከክፍሏ ስድስተኛ የወጣችው ሐሴት ሃያ ሰባተኛ ሆነች፤ ሂሳብ ከመቶ ሠላሳ አንድ። የዚያን ዕለት ማታ ሸዋረገድ ያልተናገረችው አልነበረም። ደደብ አለቻት። ትወድቂያለሽ፣ ወድቀሽም የሰው ልብስ ስታጥቢ ነው የምትኖሪው አለቻት። ሐሴት እርሳሷን ይዛ አንገቷን ደፋች። ወዲያው ከወዲያኛው ቤት መዝሙሩ ከወትሮው ከፍ ብሎ ተለቀቀ።

«ይኸው» አለች ሸዋረገድ ወደ ግድግዳው እየጠቆመች። «በዚህ ጫጫታ መሀል ፈተና ማን ያልፋል?»

በሳምንቱ ሌላ ቤት ፈልጋ አገኘች። ለብቻው የቆመ ነው፤ በአንድ ወገኑ ባዶ ቦታ፣ በሌላው የተዘጋ መጋዘን። ሐሴትን ወስዳ አሳየቻት። ልጅቷ ክፍሎቹን ዞራ አይታ በሩ ላይ ቆመች።

«ምነው? ጸጥ ያለ አይደለም?»

«ጸጥ ያለ ነው» አለች ሐሴት። ቆየት ብላ፣ «እማዬ፣ እኔ እዚህ አልገባም። አዲሱ ትምህርት አልቋል፤ የቀረው ክለሳ ነው። እስከ ፈተናው አኖ ሄጄ አባዬ ጋ ላጥና» አለች።

«ካምፕ ውስጥ? ከወንድ ሠራተኞች መሀል? ለምን?»

ሐሴት ከበሩ ወርዳ ወደ መንገዱ ወጣች። አንድ ልጇ ልትሄድባት ነው። ያቺ ሴት በስፒከሯ ልጄን ከቤቴ አስመረረችብኝ አለች ሸዋረገድ በልቧ። ቤት የመቀየሩን ነገር ትታ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ልሞክር ብላ አናጺ ጠራች። ግድግዳው ከተደፈነ ልጅቷ የምትሄድበት ምክንያት አይኖርም።

አናጺው ታፋ ሸበቶ ሽማግሌ ነው። መሰላሉን በር ላይ አስደግፎ ካርቶኑን አየና ሳቁን ዋጠ።

«አዴ፣ ዶሮዎቹ የት ሄዱ?»

«ቀልዱን ተወውና በላዩ ላይ ቺፑድ ምታልኝ።»

ታፋ ግድግዳውን በጣቱ ቆረቆረ። ቀጥሎ መሰላሉን አቁሞ፣ ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋውን ኮርኒስ ጥጉን ፈታና ራሱን አስገባ። እዚያው ላይ ሆኖ ሳቀ።

«ምን አየህ? እባብ ነው? ማገሩ በስብሷል?»

«እሱ ይሻል ነበር። ግድግዳዎ የሚያልቀው ኮርኒሱ ጋ ነው። ከዚያ እስከ ጣሪያው ድረስ ባዶ ነው። ይሄ ቤት ከታች ሁለት፣ ከላይ አንድ ነው። ፍራሽ ቢያቆሙ፣ ቺፑድ ቢያስመቱ፣ ድምፁ በላይ በኩል ዞሮ ይመጣል።»

«ታዲያ እዚያ ላይ ዝጋልኝ።»

«እዘጋለሁ። ግን በእነሱም ቤት በኩል ካልወጣሁ አይሆንም። ማስፈቀድ አለብዎት።» ወርዶ እጁን እያራገፈ ጨመረበት። «አሁን እዚያ ላይ ሆኜ ጎረቤትዎ በስልክ ከእህቷ ጋር ስታወራ ሰማኋት እኮ። የእነሱ ለእርስዎ እንደሚሰማ፣ የእርስዎም ለእነሱ ይሰማል።»

ክፉውን ሁሉ አስቀድማ የምታስብ ሴት ይህን አንዱን ሳታስበው ቀርታ ነበር።

ዱረቲ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች። ሸዋረገድን ስታይ ተነሥታ በርጩማ አቀረበችላት።

«ኮቱ፣ አዴ፣ ይምጡ ይቀመጡ።»

ኬኔ ከጎናቸው አሻንጉሊቷን ከግድግዳ አስደግፋ፣ ከፊት ለፊቷ አሮጌ ደብተር ዘርግታላታለች።

«ዱረቲ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነበር» አለች ሸዋረገድ። «እምቢ ብትዪም አልቀየምሽም። ያ ግድግዳችን ከላይ…»

ሳትጨርስ ኬኔ ጣቷን ወደ አሻንጉሊቷ ቀሰረች። «ደደብ» አለቻት። «ትወድቂያለሽ። ወድቀሽ የሰው ልብስ ስታጥቢ ነው የምትኖሪው።»

አማርኛዋ ጥርት ያለ ነው፤ ከነጎጃም ቅላጼው።

ዱረቲ ጎመኑን ጣለችው። «ኬኔ፣ ጨሊሲ። ዝም በይ።» ወደ ሸዋረገድ ዞራም ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። «ይቅርታ፣ አዴ። ልጅ ናት፤ የምትለውን አታውቀውም።»

«እናንተ ቤት አማርኛ ይወራል?»

«አይወራም።»

ሸዋረገድ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። «እኔን ሰምታ ነዋ» አለች።

«ኮርኒሱ ምንም አይደብቅም» አለች ዱረቲ ቀስ ብላ። «ጥር ላይ ኬኔ የእርስዎን ቁጣ መለማመድ ስትጀምር ጉሉማ ‹ሄደሽ ንገሪያቸው› አለኝ። ምን ብዬ ልንገርዎት? ሰው በገዛ ቤቱ ልጁን ሲቆጣ ‹ሰማሁ› ይባላል? ‹ጆሮዋን ጥላ ታዳምጠኛለች› ቢሉኝስ? ‹በአማርኛ ስለተናገርኩ ነው የከፋት› ቢሉኝስ? አፈርኩ። ስለዚህ እርስዎ መቆጣት ሲጀምሩ መዝሙር እከፍታለሁ። ልጄ እንዳትሰማ፣ እርስዎም እንዳያፍሩ። ሲረጋጉ እቀንሰዋለሁ።»

ሸዋረገድ ያለፉትን ማታዎች በልቧ ቆጠረች። ሩብ ሰዓት የቆየው ሩብ ሰዓት የተቆጣች ቀን ነበር። ቅዳሜና እሑድ ያልተከፈተው ጫንያለው ባለበት ስለማትጮኽ ነበር። ስትፈራው የኖረችው ነገር የራሷ ድምፅ ኖሯል።

«ሐሴት ደህና ናት?» አለች ዱረቲ። «ቅዳሜ ቅዳሜ እርስዎ ገበያ ሲወጡ ታለቅሳለች። አንድ ቀን ልጠራት ፈልጌ… እንዳይከፋዎት ብዬ ተውኩት።»

ሸዋረገድ የወደቀውን ጎመን ከመሬት እየለቀመች መለሰችላት። ከጎረቤት ድምፅ ለማምለጥ ሦስት ወር ምስማር ስትመታ፣ የልጇን ልቅሶ የሰማችው ጎረቤቷ ናት።

ስትመለስ ታፋ ደጃፍ ላይ ይጠብቃታል። «ፈቀዱ?»

«ፈቅደዋል።» ስለ ግድግዳው ለዱረቲ የነገረቻት ልትወጣ ስትል ነበር፤ ዱረቲም «ደስ እንዳለዎት» ከማለት በቀር ቃል አልተነፈሰችም።

«እንግዲያው ነገ እንጨቱን ላምጣ።»

ሸዋረገድ ወደ ኮርኒሱ ቀና ብላ አየች። «ከፈተናው በኋላ ይሁንልኝ።»

«ድምፁስ?»

«ግድግዳው ቢዘጋ ከጎረቤት ጆሮ ይሸፍነኛል። ከልጄ ጆሮ ግን የሚሸፍነኝ እንጨት የለህም። ክፍት ሆኖ ሳለ እጠነቀቃለሁ።»

ታፋ ጥቂት አያት። «አርባ ዓመት ስሠራ ክፍት ይሁን ያለኝ ሰው አልገጠመኝም» ብሎ መሰላሉን ተሸክሞ ሄደ።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሐሴት የሂሳብ ደብተሯን ዘረጋች። ሸዋረገድ ከአጠገቧ ተቀመጠች። ልጅቷ የመጀመሪያውን ጥያቄ ጀምራ ሁለተኛው መስመር ላይ ሳተች። የተለመደው ቃል እስከ ጉሮሮ ድረስ መጣ። ዋጠችው። ከወዲያ ኬኔ ስትስቅ ይሰማል፤ መዝሙር የለም።

«የቱ ጋ ነው የሚከብድሽ?» አለቻት።

ሐሴት ቀና ብላ የእናቷን ፊት መረመረች፤ ወጥመድ እንደሚፈራ ሰው።

«ከታኅሣሥ ጀምሮ ያለው ሁሉ አልገባኝም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ትጮሂያለሽ። ስትጮሂ ደግሞ የገባኝም ይጠፋኛል።» እርሳሷን አዙራ አዙራ ቀጠለች። «መዝሙሩ ሲከፈት ደስ ይለኝ ነበር፣ እማዬ። አንቺን አያሰማኝም ነበር።»

ሸዋረገድ ሕይወቷን ሙሉ ልትሰማው ከፈራችው ክፉ ወሬ ሁሉ ይህ ባሰ፤ ያመጣውም ስልክ ሳይሆን ልጇ ናት።

«ፈርቼ ነው» አለች በመጨረሻ። «እንዳትወድቂ ስፈራ፣ እኔው ገፍቼ ልጥልሽ ነበር። ይቅር በይኝ። አኖ መሄድ ከፈለግሽ አልከለክልሽም፤ ሰኞ ከአባትሽ ጋር ትሄጃለሽ።»

ሐሴት ብዙ አሰበች። «ይቺን ሳምንት ልያት» አለች።

በማግስቱ ሸዋረገድ ከሥራ አስፈቅዳ ትምህርት ቤት ሄደች፤ የሂሳቡ መምህር በሳምንት ሦስት ቀን ከታኅሣሡ ምዕራፍ ጀምሮ ሐሴትን እንዲያስረዳት ለመነችው። ጸሐይወርቅ «ታዲያ ልትለቂላት ነው?» ብላ ስትጠይቃት፣ «የምለቀው ቤት ሳይሆን አመል ነው» አለቻት። አመሉ በአንድ ቀን አልለቀቃትም። በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ አመለጣት። ሁለቱንም ጊዜ ከወዲያ መዝሙሩ በዝግታ ተከፈተ፤ እሷም ቃሏን ከመሀል ቆርጣ «ገለቶሚ፣ ዱረቲ፤ አመሰግናለሁ» አለች ወደ ላይ። በሁለተኛው ጊዜ ሐሴት ሳቀች።

ቅዳሜ ጫንያለው መጣ፤ ሰኞ ብቻውን ተመለሰ። ሐሴት አልሄደችም።

ፈተናው ገና ነው፤ ሸዋረገድም መፍራቷን አልተወችም። ፍርሃቷን ግን በጩኸት ልጇ ላይ አታወጣውም።

እንግዲህ የጎረቤት ድምፅ ያስመረራችሁ ሁሉ፣ ካርቶን ከመለመናችሁ፣ ዕቃ ከመጫናችሁ በፊት ሄዳችሁ በሩን አንኳኩ። ጎረቤትን ሳይጠይቁ በጎረቤት ላይ መፍረድ ከየትኛውም ስፒከር ይልቅ ቤት ያፈርሳል። አስቸጋሪ ጎረቤት የለም አንልም፤ አለ። እሱንም ቢሆን አነጋግሮ መለየት ይሻላል። ከማንኳኳታችሁ በፊት ግን አንድ ማታ ራሳችሁን አዳምጡ። ልጅ ያላችሁ ደግሞ ሁለት ማታ።