የቤተ መጻሕፍቱ ወንፈል

«ሐሙስ ነው የምፈልጋችሁ» አሉ ጋሼ ወዳጆ፣ የሱፍ ባናቸውን ትከሻቸው ላይ እየመለሱ። ጫማቸው አፈር ስለነበረው ከቤተ መጻሕፍቱ በር አላለፉም። «ገብሱ ደርሷል። አርብ ኅዳር ጽዮን ነው፤ ቀጥሎ ሁለቱ ሰንበት። ሰማዩን ደግሞ ታዩታላችሁ።»

እስከዳር መደርደሪያው ሥር ተቀምጣ የተገነጠለ መጽሐፍ በሙጫ ስትለጥፍ ነበር። እጇ እዚያው ቀረ። ሐሙስ የሞላሌ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ታድሶ የሚከፈትበት ቀን ነው። እንግዶች ይመጣሉ፤ ትምህርት ቤቱም ተማሪዎቹን ይለቃል፤ እሷም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ለሕፃናት ተረት ታነባለች። የሕፃናት የንባብ ሰዓት የራሷ ሐሳብ ነው። ስትለማመድ ከመክረሟ የተነሣ ቤታቸው ያለ ሰው ሁሉ ተረቱን በቃሉ ይዞታል።

ጥፋቱም የራሷ ነበር። ክረምቱ እንደወጣ የቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ተፈርፍሮ ነፋሱ እንደልቡ ሲገባ፣ እስከዳርና ሌሎቹ በጎ ፈቃደኛ ተማሪዎች «እንምረገው» አሉ። ጭቃ ረግጦ፣ ጭድ ቀላቅሎ ያን ሁሉ ግድግዳ መምረግ ግን የልጅ ሥራ አይደለም። ደቦ እንዳይጠሩ፣ ደቦ የጠራ ያበላል፣ ያጠጣል፤ እነሱ ደግሞ ከሙጫ በቀር ምንም የላቸውም። ያኔ ነው እስከዳር በየቤቱ ዞራ «ወንፈል ነው፤ እኛም በተራችን መጥተን እናጭድላችኋለን» ያለችው። ቤተ መጻሕፍት ማጭድ ይዞ እንደማይወጣ በዚያ ሰሞን ያሰበ የለም።

ሰዉ መጣ። አብዛኞቹ «ለልጆቻችን ነው» ብለው ወንፈሉን ትተውታል። ጋሼ ወዳጆ ግን ሰው አጠራቸው። ያኔ አብሯቸው ጭቃ ሲረግጥ የዋለው ልጃቸው ሥራ ፍለጋ ደብረ ብርሃን ሄዷል።

እስከዳር አፏን ሳትከፍት ኮከብ ቀደመቻት። ኮከብ የልብ ጓደኛዋ ናት፤ ለክፉም ለደግም መላ አታጣም።

«ውይ ጋሼ፣ ሐሙስ እኮ ፈተና አለብን» አለች።

ጋሼ ወዳጆ በሩ አጠገብ ያለውን ግድግዳ በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት፤ የመረጉት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

«ፈተና ከሆነማ ምን ይደረጋል። በርቱ፣ እግዜር ይግለጥላችሁ» ብለው ወጡ።

እስከዳር ድምፃቸው እስኪርቅ ጠበቀች። «ለምን ዋሸሻቸው?»

«ምን ልበል ታዲያ? ተረቱን ማን ሊያነበው ነው? አንድ ሰው አያጡም፤ ደግሞ አታካብጂ።»

«ማን ሰው አላቸው?»

ኮከብ መጻሕፍቱን መደርደር ጀመረች።

ያ ምርቃት እስከዳርን እቤቷ ድረስ ተከተላት። ሐሙስ ለማንበብ የምትቀመጠው ያንኑ ግድግዳ ተደግፋ ነው። አፈረች፤ ማታ እራቷንም በወጉ አልበላችም።

ረቡዕ ከሰዓት የተረት መጽሐፉን አምጥታ ኮከብ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

«አንቺ አንብቢላቸው። ጅቡ ጋ ስትደርሺ ድምፅሽን ቀነስ አድርጊ፤ ትንንሾቹ ይፈራሉ።»

«አብደሻል? እናትሽስ? አንቺን ልትሰማ ነጠላዋን አጥባ የለ?»

እስከዳር ይህንኑ ስታሰላስል ነበር የዋለችው። ከፋት፤ ዕንባዋም መጣ። መጽሐፉን ግን መልሳ አልወሰደችም።

እናቷ ነገሩን ስትሰማ ተነሥታ ማጭዷን ከግድግዳው ላይ አወረደችና ስለቱን በአውራ ጣቷ ሞክራ ለልጇ ሰጠቻት።

«ነጠላውማ ለኅዳር ጽዮን ይሆነኛል» አለች።

ሐሙስ ጠዋት ሰማዩ እንደከበደ ነበር። እስከዳር ማሳው ላይ ስትደርስ ጋሼ ወዳጆና ሚስታቸው ሁለቱ ብቻ ጎንበስ ብለው ያጭዳሉ። ገና ብዙ ገብስ ቆሟል።

«ፈተናውስ?» አሉ ጋሼ ወዳጆ ወገባቸውን ይዘው ቀና እያሉ።

«ፈተና የለም፣ ጋሼ። ዋሽተንዎት ነው።»

ፊቷን አዩ፤ ከኋላዋ ያለውን ባዶ መንገድም አዩ። «ሌሎቹስ?»

«እንጃ። የጠራሁዎት ግን እኔ ነኝ።»

ጋሼ ወዳጆ ሌላ አልጠየቋትም። ወደ ጎን ፈቀቅ ብለው በእሳቸውና በሚስታቸው መሀል ቦታ ለቀቁላት። ከታች ከከተማው የድምፅ ማጉያ ሲሞክሩ «አንድ፣ ሁለት፤ አንድ፣ ሁለት» የሚል ድምፅ ይመጣል። እስከዳር ወደዚያ ዞራ አላየችም። በግራ እጇ ገብሱን ጨበጠችና አጨደች።